ከእናንተ የሚበልጥ ተጋጣሚ ሲገጥማችሁ፦ በፋይቲንግ ጌም የመከላከል ዝርዝር መመሪያ

በፋይቲንግ ጌም፣ ማለትም ሁለት ካራክተሮች በሚፋለሙበት የቪዲዮ ጌም፣ ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር ስትጫወቱ ላይፋችሁን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ እናንተው የምትጫኑት በተን ነው። ብሎክ አድርጋችሁ፣ ማለትም ምቱን መክታችሁ፣ ነበር። ጫናው ሲበዛ "አሁንስ በቃኝ" ብላችሁ ጀብ (ፈጣን ቀላል ቡጢ) ሞከራችሁ፣ ወይም ዘለላችሁ። ተጋጣሚያችሁ ሲጠብቅ የነበረው ደግሞ ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኮምቦ፣ ማለትም የተያያዘ ተከታታይ ምት፣ እሱ የለመደው ነገር ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ብሎክ ማድረግ ለሚያውቁ፣ አንድ ሁለት ኮምቦ ለሚችሉ፣ ግን ጠንካራ ሰው ሲገጥማቸው ሁሉ ነገር ለሚጠፋባቸው ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከስትሪት ፋይተር 6 እና ከቴከን 8 ናቸው። ሌላ ጌም ላይ ቁጥሩ ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ምት እንደምትቀበሉ አስቀድማችሁ ወስኑ

ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር ምንም ምት ሳይደርስባችሁ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ የትኛው ምት ርካሽ፣ የትኛው ውድ እንደሆነ ነው።

ስትሪት ፋይተር 6 ላይ አብዛኞቹ ካራክተሮች 10,000 ላይፍ አላቸው። አንድ ተራ ትሮው፣ ማለትም ይዞ መጣል፣ የሚወስደው 1,200 ነው። ያለ ጊዜው በተን ተጭናችሁ ካውንተር ሂት (የእናንተ ምት ሳይደርስ የሚያገኛችሁ ምት) ብትበሉ ግን ከዚያ የሚነሳው ኮምቦ በቀላሉ 3,000 ያልፋል። ሱፐር የሚባለው ኃይለኛ ልዩ ምት ከተጨመረበት ግማሽ ላይፍ ሊሄድ ይችላል። ሁለት ጊዜ ትሮው መበላት ከአንድ እንዲህ ያለ ስህተት ይረክሳል ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ በጨዋታ መሃል መቀበል ግን ይከብዳል። ትሮው መበላት ያናድዳል። ዝም ብላችሁ እያያችሁ የተያዛችሁ ይመስላችኋል። የተናደደ ሰው ደግሞ በተን ይጫናል። እኔ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፦ ሲጠፋባችሁ ብሎክ አድርጉ፤ ከመጣም ትሮው ይምጣ።

ደረጃ 2፦ ዓይናችሁ የሚደርስበትን ከማይደርስበት ለዩ

ፋይቲንግ ጌሞች በአብዛኛው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ይሄዳሉ። አንድ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በፍሬም ሲታሰብ ከ12 እስከ 15 አካባቢ ማለት ነው። የስክሪኑና የኮንትሮለሩ መዘግየት ይታከልበት። ሌላ ነገር እያሰባችሁ ከሆነም ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ በተግባር ከ20 ፍሬም በታች የሆነን ነገር አይቼ እመልሳለሁ ማለት አያዋጣም።

አሁን ይህን ከምቶቹ ጋር አስተያዩት። ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ፈጣኑ ጀብ 4 ፍሬም ነው። ትሮው 5 ፍሬም ነው። ቴከን ላይ የተለመደው ፈጣን ጀብ 10 ፍሬም ነው። እነዚህን አይቶ የሚከላከል ሰው የለም። የዓለም ሻምፒዮኖቹም አስቀድመው ስለተዘጋጁ ነው የሚያመልጡት። በሌላ በኩል ዝላይ ወደ 40 ፍሬም ገደማ አየር ላይ ያቆያል። ድራይቭ ኢምፓክት የሚባለው የስትሪት ፋይተር 6 ከባድ ምት ለመምታት 26 ፍሬም ይፈጃል። እነዚህ ዓይን ይደርስባቸዋል።

ስለዚህ ሥራውን ክፈሉት። ለማይታየው ነገር አቋቋማችሁን አስቀድማችሁ ያዙ። ለሚታየው ነገር ዓይናችሁን አዘጋጁ። ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እጠብቃለሁ አትበሉ። ዝላይ፣ ድራይቭ ኢምፓክት፣ ፋየርቦል (ከሩቅ የሚወረወር ምት)፣ ወደፊት መሮጥ፣ ሁሉንም የሚጠብቅ ሰው ለአንዱም አይደርስም። ሁለት ምረጡ። እኔ ራቅ ብለን ስንቆም ዝላይንና ድራይቭ ኢምፓክትን እጠብቃለሁ። ሌላውን ብሎኬ ይቀበለዋል።

ኦንላይን ስትጫወቱ መዘግየቱ ስለሚጨምር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሆናችሁ የምትመልሱት ነገር ላይመለስ ይችላል። ግንኙነቱ ደካማ ከሆነ የምትጠብቁትን ወደ አንድ አውርዱት።

ደረጃ 3፦ መነሻ አቋማችሁን አስተካክሉ

እንደ ስትሪት ፋይተር ባለ ጌም መነሻው ቁጭ ብሎ ብሎክ ማድረግ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝቅ ብለው እግር የሚመቱ ምቶች ፈጣን ናቸው፤ አይታዩም። ቁጭ ያለን ሰው ከላይ የሚመቱት ኦቨርሄዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ 20 ፍሬም ገደማና ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ኦቨርሄዱን ስታዩ ተነሱ። ከዝላይ የሚመጣ ምት ቆሞ ብሎክ ይደረጋል። ዘሎ ከጀርባችሁ የሚያርፍ ከሆነ የብሎክ አቅጣጫችሁም ይገለበጣል።

ቴከን ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ መነሻው መቆም ነው። ቁጭ ያለን ሰው የሚያገኙት መካከለኛ ምቶች ፈጣን ናቸው፤ አንዳንዶቹም አየር ላይ አንስተው ትልቅ ኮምቦ ያስጀምራሉ። የእግር ምቶች ግን ወይ ዘገምተኛ ናቸው ወይ ጉዳታቸው ትንሽ ነው። ትንሿን ተቀበሉ፤ ዘገምተኛዋን አይታችሁ ቁጭ በሉ። ሞርታል ኮምባት ላይ ደግሞ ብሎክ የራሱ በተን አለው። ከሌላ ጌም የመጣ ሰው ወደኋላ ይዞ ብሎክ ያደረገ ሲመስለው ምት ይደርስበታል።

ደረጃ 4፦ ተራው የማን እንደሆነ እወቁ

የመከላከል ልቡ እዚህ ነው። ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

አንድን ምት ብሎክ ስታደርጉ ሁለታችሁም ለጥቂት ፍሬም ትታሰራላችሁ። ማን ቀድሞ እንደሚፈታ ያ ምት ይወስናል። እናንተ ቀድማችሁ ከተፈታችሁ ተራው የእናንተ ነው። እሱ ከቀደመ ተራው አሁንም የእሱ ነው፤ በተን ከተጫናችሁ ምት ይደርስባችኋል። እናንተ በ4 ፍሬም ከቀደማችሁና 4 ፍሬም የሆነው ጀባችሁ ከደረሰ፣ ስትሪት ፋይተር ላይ ቅጣቱ የተረጋገጠ ነው። ቴከን ላይ ይህ ቁጥር 10 ነው። ብዙ ካራክተሮች 15 ሲሞላ አየር ላይ የሚያነሳ ምት ያገኛሉ።

የሁሉንም ምት ቁጥር መሸምደድ አያስፈልግም። ያሸነፋችሁ ካራክተር ደጋግሞ የሚጠቀምባቸውን አምስት ምቶች ብቻ ያዙ። ትሬኒንግ ሞድ ግቡ፣ የፍሬም ማሳያውን አብሩ፣ ዱሚው (የመለማመጃው ተጋጣሚ) እነዚያን ምቶች እንዲመታ አድርጉና ብሎክ አድርጉ። የትኛው ይቀጣል፣ ከየትኛው በኋላ ዝም ይባላል፣ ይኸው ነው።

ጎበዝ ተጫዋች ግን ተራውን ሲጨርስም የጨረሰ አይመስልም። ከሁለት ጀብ በኋላ ትንሽ ክፍተት ይተውና ሌላ ምት ይልካል። ክፍተቷ ሆን ተብላ የተተወች ናት። ብሎክ ይዛችሁ ከቆያችሁ ምንም አትሆኑም። በተን ከተጫናችሁ ካውንተር ሂት ትበላላችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ራውንድ "ተራዬ ደረሰ" ባላችሁ ቁጥር አንድ ምት ጨምራችሁ ጠብቁ። ክፍተቱን በየስንት ጊዜው እንደሚተው ታያላችሁ።

አሁን አንዷን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንያት። ተጋጣሚያችሁ ሁለት ጀብ መታ። ብሎክ አደረጋችሁ። ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደፊት መጣ። ከዚህ የሚከተለው ከሦስት አንዱ ነው፦ ትሮው ያደርጋል፣ ወይ እንደገና ይመታል፣ ወይ ድንገት ወደኋላ ይላል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ መልስ አለ። ቁጭ ብላችሁ ብሎክ ያዙና የትሮው በተኖቹን ትንሽ ዘግይታችሁ ተጫኑ። ቢመታ እጃችሁ ከመድረሱ በፊት ብሎክ ውስጥ ስለገባችሁ የተጫናችሁት በተን ምንም አያመጣም። ትሮው ካደረገ ግን ለማክሸፍ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ ስለሆናችሁ ይከሽፋል። ቶሎ ከተጫናችሁ ይመታችኋል፤ በጣም ከዘገያችሁ ትያዛላችሁ። ልኩ በእጅ ልምምድ እንጂ በማንበብ አይመጣም። ልምምዱን ወደ ታች አስቀምጬዋለሁ።

ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ሺሚ ይሉታል። ወደፊት መጥቶ መልሶ ወደኋላ ይላል። የእናንተ ትሮው አየር ይይዛል፣ እሱ ደግሞ ያለውን ትልቁን ኮምቦ ያወርድባችኋል። ጠንካራ ሰው ትሮውን ሁለት ጊዜ ካከሸፋችሁበት በሦስተኛው ሺሚ ቢያመጣ አይግረማችሁ። መፍትሔው ከደረጃ 1 ጋር አንድ ነው። ሁልጊዜ ለማክሸፍ አትሞክሩ። ሁለቴ ካከሸፋችሁ በሦስተኛው እጃችሁን ሰብስቡ። ትሮው ከሆነ 1,200 ይሄዳል። ሺሚ ከሆነ ምንም አይሄድም፤ እሱም የያዘውን ቦታ በራሱ እጅ ለቀቀ።

ደረጃ 5፦ ከወደቃችሁ በኋላ አትቸኩሉ

ወድቃችሁ ስትነሱ የሚመጣው ፈተና ከላይ ካየነው ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ እዚህ አንድ ፈታኝ ነገር መኖሩ ነው፤ ሲነሱ ምት የማያገኛቸው ልዩ ምቶች። ድራጎን ፓንች የዚህ ዓይነት ነው። ከያዘ ትገላገላላችሁ። ብሎክ ከተደረገ ግን አየር ላይ ተንጠልጥላችሁ ቅጣት ትጠብቃላችሁ።

ይህ ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ለጎበዙ ያደላል። ብዙ ጎበዞች ዝላያቸውን በልክ ያሰሉታል። ዝም ካላችሁ ምታቸው ይደርስባችኋል፤ ድራጎን ፓንች ካደረጋችሁ ደግሞ ብሎክ ለማድረግ በጊዜው ያርፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ብሎክ አድርጋችሁ ተነሱ። ምን እንደሚያደርግ እዩ። ሳያቆም ሁልጊዜ እየመታ የሚመጣ ከሆነ ድራጎን ፓንቹን አንዴ ተጠቀሙበትና ተዉት። ከዚያ በኋላ እሱ እየፈራ ይመጣል፤ ያ ፍርሃት ለእናንተ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ሲወድቁ ሁለት የምት በተን በመጫን ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ መነሳት ይቻላል። አንዳንዴ እዚያው፣ አንዳንዴ ወደኋላ እያላችሁ አቀያይሩት። የእሱ ስሌት ይፋለሳል።

ደረጃ 6፦ ጥግ ከመድረሳችሁ በፊት ጥግን አስቡ

ብዙ ሰው የሚያየው የላይፍ መስመሩን ነው። ከጀርባችሁ ያለውን ቦታም እዩ። መሃል ሜዳ ላይ ብሎክ የተደረገ ምት ሁለታችሁን ያራርቃል፣ ትተነፍሳላችሁ። ጥግ ላይ ግን እናንተ አትገፉም፤ ሲጫናችሁ የምታመልጡበት የኋላ ቦታም የላችሁም። ስለዚህ ወደኋላ መራመድ ሁሉ ወጪ አለው። ሩቅ ሳለ አትሽሹ፤ ቆማችሁ ጠብቁት።

ጥግ ከተያዛችሁ የመጀመሪያው ፍላጎታችሁ መዝለል ይሆናል። እሱም ያውቀዋል፤ እጁ ወደ ላይ የሚመታው በተን ላይ ነው። ብሎክ አድርጉ። ጥቂት ምቶች ራሱን ገፍተው ያርቁታል። ለትሮው የማይደርስበት ርቀት ላይ ሲሆን አንድ ትንሽ እርምጃ ወደፊት ውሰዱ፤ እንደገና ብሎክ። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይሠራል። ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ብሎክ ላይ ሳላችሁ ሁለት የድራይቭ መስመር (የጉልበት መለኪያ) ከፍሎ ተጋጣሚን የሚገፋ ድራይቭ ሪቨርሳል አለ። ሜዳ መሃል ላይ አታባክኑት፤ ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው። ጊልቲ ጊር ስትራይቭ ላይ ደግሞ ቴንሽን የሚባለውን የጉልበት መስመር እየበላ ተጋጣሚን አርቆ የሚገፋ ልዩ ብሎክ አለ፤ ኮምቦ የሚያቋርጥ በርስትም አለ። በርስቱን ኮምቦው ገና ሲጀምር ለመጫን አትሩጡ። ጎበዝ ሰው ለዚያች ቅጽበት ብሎክ ይዞ ይጠብቃል።

ደረጃ 7፦ ብሎክ በነጻ እንዳልሆነ እወቁ

ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ስድስት የድራይቭ መስመር አላችሁ። ብሎክ ባደረጋችሁ ቁጥር ይቀንሳል። ካለቀ በርንአውት ውስጥ ትገባላችሁ። ያኔ ልዩ ምቶችን ብሎክ ብታደርጉም ላይፍ ይቀንሳል፣ ከእያንዳንዱ ብሎክ በኋላ ተጋጣሚያችሁ 4 ፍሬም ይጨመርለታል፣ የእሱን ድራይቭ ኢምፓክትም በራሳችሁ ድራይቭ ኢምፓክት መመለስ አትችሉም። ጥግ ላይ በዚህ ሁኔታ ድራይቭ ኢምፓክት ብሎክ ብታደርጉ ትደነዝዛላችሁ። እናም መስመሩ ሁለት ሲቀረው ጨዋታችሁን ቀይሩ፦ ጉልበት የሚበሉ ነገሮችን አቁሙ፣ ርቀት ያዙ፣ እስኪሞላ ጠብቁ።

ፓሪ የሚባለው ሌላ መከላከያ ከላይም ከታችም የሚመጣን ምት ሁሉ ስለሚይዝ የሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ግን ትሮው ይሰብረዋል፤ ፓሪ ይዛችሁ ስትያዙ ጉዳቱም ከተራው ትሮው ይበልጣል። በደንብ የተመጠነው ፓሪ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 2 ፍሬሞች ብቻ ነው። ለፋየርቦልና ለሩቅ ምቶች ተጠቀሙበት። ቅርብ ሆኖ ሲጫናችሁ ተዉት።

ድራይቭ ኢምፓክትን በተመለከተ ደግሞ 26 ፍሬም መሆኑን አትርሱ። መልሱ የራሳችሁ ድራይቭ ኢምፓክት ነው። እስከ ሁለት ምት ችሎ ስለሚመጣ በጀብ ላቁመው አትበሉ።

እዚህ ላይ በፋይቲንግ ጌም ታሪክ በጣም የታወቀውን መከላከል ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቮ በተባለው ትልቅ የፋይቲንግ ጌም ውድድር፣ በስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ፣ ዳይጎ ኡመሃራ በኬን፣ ጀስቲን ዎንግ በቹን-ሊ ተጋጠሙ። የዳይጎ ላይፍ አልቆ ጫፍ ላይ ነበር። ቹን-ሊ ሱፐሯን ለቀቀች። ዳይጎ ምቶቹን አንድ በአንድ በፓሪ መልሶ በኮምቦ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ መከላከል የፍጥነት ጉዳይ ይመስለዋል። ግን ልብ በሉ፦ ያን ሱፐር ብሎክ ቢያደርግ እንኳ ብሎኩን አልፎ የሚገባው ትንሽ ጉዳት ይጨርሰው ነበር። ርካሹ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ትልቁን ቁማር የሚጫወቱት ያኔ ነው። ላይፋችሁ ግማሽ ሆኖ ብሎክ እየሠራ ሳለ ግን ምክንያት የላችሁም።

ደረጃ 8፦ ጥቂት፣ ግን እርግጠኛ መልስ

መከላከል ብቻውን አያሸንፍም። ይሁን እንጂ የምትፈልጉት መልስ ትንሽ ነው። አንደኛ፣ የሚዘልን ሰው መምታት። ለብዙ የስትሪት ፋይተር ካራክተሮች ቁጭ ብሎ የሚመታው ከባድ ቡጢ ይበቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካወረዳችሁት መዝለል ያቆምና መሬት ላይ እየተራመደ ይመጣል፤ ይህም ሥራውን ያከብድበታል። ሁለተኛ፣ ለቅጣት የምትጠቀሙበት አንድ የማይሳሳት አጭር ኮምቦ። ትልቁን ኮምቦ ሞክራችሁ መሃል ላይ ከጣላችሁት ተራውን መልሳችሁ ለእሱ ሰጣችሁ።

ላይፍ ከበለጣችሁ ሰዓቱን እዩ። ራውንዱ 99 ሰከንድ ከሆነና እናንተ ከመራችሁ መምጣት ያለበት እሱ ነው። ለመምጣት ሲቸኩል ጎበዝም ይዘላል።

ደረጃ 9፦ ልምምዱ

ትሬኒንግ ሞድ ግቡ። ዱሚውን ሁለት ነገር እንዲያደርግ ቅረጹት፦ አንደኛው ሁለት ጀብ፣ ግማሽ እርምጃ፣ ትሮው። ሁለተኛው ሁለት ጀብ፣ ግማሽ እርምጃ፣ መካከለኛ ምት። በዘፈቀደ እንዲያቀያይር አድርጉና ዘግይቶ ማክሸፍን ተለማመዱ። ሁለቱንም ሳታስቡ ማቆም ስትጀምሩ ሺሚውን ሦስተኛ አድርጋችሁ ጨምሩ። ያኔ የምትለማመዱት እጃችሁን መሰብሰብ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ መካከለኛ ምቶች መሃል ድራይቭ ኢምፓክት አስገቡና መመለስን ተለማመዱ። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን እጅ ይሰንፋል።

ከጨዋታ በኋላ የተሸነፋችሁበትን ሪፕሌይ ክፈቱ። ኮምቦውን አትዩ፤ ኮምቦው ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ቅጽበት አቁማችሁ እዩ። ቴከን 8 ላይ ሪፕሌዩን አቁማችሁ ራሳችሁ ተረክባችሁ ሌላ መልስ መሞከርም ትችላላችሁ። እያንዳንዱን ትልቅ ጉዳት ከሦስቱ በአንዱ መድቡ፦ በእሱ ተራ በተን ተጫንኩ፣ ያለ ጊዜው ዘለልኩ፣ ወይ ለማክሸፍ ሞክሬ በሺሚ ተቀጣሁ። በወረቀት ላይ ጻፉት። ከጥቂት ጨዋታዎች በኋላ አንዱ መስመር ከሌሎቹ ይረዝማል። የሚቀጥለው ልምምዳችሁ እሱ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹን ለጊዜው ተዉአቸው።